የደብረ ታቦሩ ተከራይና ሁለቱ ሎሚዎች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ወረታ ላይ ትቶ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ መንገደኛ፣ ብዙ ሳይቆይ ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይገባል። የፎገራ ሜዳ ሙቀትና የሩዙ ማሳ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው መስኮቱ ይዘጋል፣ ጋቢም ይደረባል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ታች ያማረበት ተክል ሁሉ ላይ አያምርበትም።

ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ እንደ ነበረች፣ በአጠገቧ ባለችው ጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እንደ ተሠራ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ እንደ ተጎተተም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ይህንኑ ለማየት ሄጄ ነበር። ሆኖም ከጉዞዬ ያልተረሳኝ መድፉ ሳይሆን ሎሚ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ወዳጄ፣ በተከራየባት ክፍል ደጃፍ ላይ አፋቸው በተቆረጠ ሁለት የዘይት ጀሪካኖች ሁለት የሎሚ ዛፎች አቁሞ አገኘሁት።

«በዚህ ብርድ ሎሚ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መሬት ላይ አልሆነልኝም። የመጀመሪያውን ከጓሮ ተክዬው በኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ አቃጠለው። ደግሞስ ቢጸድቅ፣ ቤት ስለቅ ነቅዬ እወስደው ኖሯል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የተማረውን እንዲህ ሲል አጫወተኝ። የጀሪካኑ ሥር ይበሳል፤ ጠጠር ይነጠፍበታል፤ በላዩም አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተደባልቆ ይሞላል። የጧት ፀሐይ ከሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳልና። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ዛፉ ወደ ቤት ይገባል። ክረምት ሲሆን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይጠለላል፤ ሎሚን ከጥማት ይልቅ ሥሩ ውኃ ውስጥ ማደሩ ይገድለዋልና። ውኃ የሚጠጣው ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ ደረቅ ሲያገኝ ብቻ ነው። ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ የታየ እንደሆነም ቅጠሉን የሚመጥጥ ተባይ ይኖራልና በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጠረጋል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ብርቱካኖቹን በእንጨት ሣጥን እያስተከለ፣ በብርድ ወራት የሚጠለሉበት ታላቅ አዳራሽ አሠርቶላቸው ነበር። የወዳጄ አዳራሽ የአልጋው ራስጌ ነው።

ሁለቱ ዛፎች የወጡት ከአንድ ዘር ነው። የሎሚ ዘር ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ያወጣል፤ እርሱም ሁለቱን ለይቶ በየጀሪካኑ ተከላቸው። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ሎሚ እንኳ ሳይጨምቅ ጠበቃቸው። እርሱ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ማታ ማታ የሚያስገቧቸው አከራዩ ነበሩ።

እኔ በደረስሁበት ሰሞን አንደኛው የመጀመሪያ አበባውን አወጣ፤ በዚያው ሳምንት ወዳጄ ወደ ቆላ ወረዳ መዛወሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው።

አከራዩ ወሬውን ሰምተው፣ «ልጄ፣ አንተ ዛሬ እዚህ ነህ፣ ነገ እዚያ ነህ። እኔ የትም አልሄድም። አንዱን ተውልኝ» አሉት።

«እማማ፣ የትኛውን ልተውልዎ?»

«ያላበበውን። ያበበውማ የድካምህ ነው።»

ወዳጄ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ያበበውን ከደጃፋቸው አቆመላቸው። በማግሥቱም ያላበበውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ነፋስ እንዳይጎዳው ከጉልበቱ መካከል ይዞት ወረደ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተም በተመደብህበት አገር «ለጥቂት ጊዜ ነው» እያልህ ደጃፍህን ባዶ አታድርገው። አንዲት የሎሚ ዘርና አንድ አሮጌ ጀሪካን ብዙ አያስወጡህም። መሄድህ ካልቀረ፣ ስትሄድ የምትተወው ነገር ይኑርህ።