ከሎንግየርቢየን ለአባባ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

ያለሁት በኖርዌይ ሥር በሆኑት የስቫልባርድ ደሴቶች፣ 78ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ በምትገኘው ሎንግየርቢየን ነው። አሁን ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ከከተማ ስንወጣ ከነጭ ድብ የሚጠብቀን ጠመንጃ የያዘ ሰው አብሮን እንደሚሄድ ለእማማ ይንገሩልኝ፤ አታስብ።

ሥራዬን ከማንም በላይ የሚረዱት እርስዎ ነዎት። የውሃ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ሬዚስቲቪቲ የሚለኩት ባለሙያዎች ብረት በመስመር ቸክለው፣ ገመድ ዘርግተው ሲሠሩ ስንቴ አይተዋል! እዚህም ያንኑ ነው የምናደርገው። በሁለት ብረቶች ኤሌክትሪክ እንሰዳለን፤ በሌሎች ሁለት ቮልቴጁን እንለካለን፤ ብረቶቹ በተራራቁ ቁጥር ስለ ጥልቁ ይነግሩናል። እናንተ ለጉድጓድ የምትፈልጉት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን፣ ውሃ ያዘለውን መሬት ነበር። እኛ የምንፈልገው የሚከለክለውን፣ ፐርማፍሮስትን ነው፤ ውሃው በረዶ ሲሠራ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይዘጋልና።

ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ከፍ ሳይል የቆየ መሬት ነው። በአድቬንት ሸለቆ ውፍረቱ 100 ሜትር ያህል ነው፤ ተራሮቹ ውስጥ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በሐምሌና በነሐሴ የሚቀልጠው የላይኛው አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሸለቆው ግን ለካን ስንል ያታልለናል። ድሮ ባሕር ስለነበረ ጭቃው ጨዋማ ነው። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከዜሮ በታችም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ስለዚህ ፐርማፍሮስት የሆነው መሬት በሥዕላችን ላይ ተራ እርጥብ ጭቃ መስሎ ይወጣል። ወደ መሬት የምንልከው የራዳር ሞገድም ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ሩቅ አይዘልቅም። ወፍራም ብረት በመዶሻ መትተንም በመሬቱ ውስጥ የሚሄደውን የድምፅ ሞገድ ፍጥነት እንለካለን፤ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር፣ በበረዶ ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ ይጓዛል። እኔ ግን አንዱን መሣሪያ ብቻ ይዞ «አገኘሁ» የሚልን ሰው አላምንም። የመጨረሻው ዳኛ ቴርሞሜትር የገባበት ጉድጓድ ነው። እዚህ አጠገብ ያንሶንሃውገን ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቆፈረው 102 ሜትር ይወርዳል፤ መሬቱ እየሞቀ መሆኑንም አሳይቷል።

በዚያው ዓመት የሆነ ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1918 እዚህ የሞቱ 7 ወጣቶች መቃብር አለ። የገደላቸው እኛ አገር የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ነው። በ1998 ተመራማሪዎች ቫይረሱን ፍለጋ መጡ፤ የራዳሩ ልኬት የተቆፈረው አፈር እስከ ሁለት ሜትር እንደሚወርድ ስላሳየ፣ ሬሳዎቹ በፐርማፍሮስቱ ውስጥ ሳይበላሹ ቆይተዋል ብለው ተስፋ አደረጉ። ሲቆፈር ሣጥኖቹ ግማሽ ሜትር ላይ ተገኙ፤ በየዓመቱ በሚቀልጠው አፈር ውስጥ።

አብዛኞቹ የከተማዋ ቤቶች የቆሙት በፐርማፍሮስቱ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ነው። የዓለም የዘር ማከማቻም እዚሁ ተራራ ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ካለው የእንስሳት ምርምር ተቋም የመጣ የመኖ ዘርም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ጥቅምት ውሃ ወደ መግቢያ ዋሻው ገባ፤ ዘሮቹ ጋ ግን አልደረሰም። መሬቱ የት እንደሚላላ አስቀድሞ ማወቅ ለዚህች ከተማ የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ብረቶቹ አፈር አይነኩም፤ የጨው ውሃ እያፈሰስን ነው። እናንተ በዚያ ደረቅ መሬት ላይ ምን ታደርጉ ነበር? ሳይቆዩ ይጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩን ወደ ላይ እንዘረጋለን።

ልጅዎ