ሃና፣ ሮኬቱ እና «ባዶው» ሜዳ

ከጂንካ ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ ወይና ደጋውን ትቶ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ እየበረታ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሳሩ እየነጣ ይሄዳል። ሃና የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የቦዲ አርብቶ አደሮች አገር ነው። ከተማዋ ትንሽ፣ ሰማይዋ ግን ሰፊ ነው።

ሮኬት የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ እዚህ ሲደርስ «ማስወንጨፊያ ሜዳ ማለት ይሄ ነው!» ሳይል አያልፍም። እውነት ነው? ለመመለስ በመጀመሪያ ሮኬቱ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሌላው ዓለም ቤተሰብ ለእረፍት ቀን የሚገጣጥመው መካከለኛ ኃይል ያለው የሞዴል ሮኬት በሣጥን ተበታትኖ ይሸጣል። የካርቶን ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ከስስ እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ የሞተር ማቀፊያና ፓራሹት አለው። ዋናው ጥንቃቄ ክንፎቹ ላይ ነው፤ በእኩል ርቀት፣ ቀጥ ብለው ካልተለጠፉ ሮኬቱ መንገዱን ይስታል። ተገጥሞ ሲያልቅ ሞተሩ እንዳለ፣ ሚዛኑን በሚጠብቅበት ቦታ በሲባጎ ታስሮ በአየር ላይ ይሽከረከራል። አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ አፍንጫው ላይ ክብደት ይጨመርለታል።

ሞተሩ በፋብሪካ ተሠርቶ የታሸገ ነው። ነዳጁ ለጥቂት ሰከንዶች ይነድና ሮኬቱን ይገፋዋል። ቀጥሎ ቀስ ብሎ የሚነድ ክፍል ሮኬቱ ከፍታው ጫፍ እስኪደርስ ጊዜ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ትንሽ ፍንዳታ አፍንጫውን ገፍታ ፓራሹቱን ታወጣለች።

ታሸገ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች ነዳጅ በየቤታቸው እየቀላቀሉ ጉዳት ደረሰባቸው። በነብራስካ የኖርፎክ ከተማ ጫማ ነጋዴ የነበሩት ኦርቪል ካርላይል የሠሩት አነስተኛ ሮኬትና የሮኬት ባለሙያው ሃሪ ስታይን ያወጡት የጥንቃቄ ደንብ የዛሬውን የትርፍ ጊዜ ሥራ ወለዱ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ሕግ አንድ ነው፦ ልጅም ሆነ አዋቂ ነዳጅ በቤቱ አይቀላቅልም።

በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ «ጂ» የሚባለውን ሞተር ለሚይዝ ሮኬት ጠባቡ ጎኑ 300 ሜትር ያህል የሆነ ሜዳ ይጠይቃል። ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አስወንጫፊው 9 ሜትር ይርቃል፤ በማስወንጨፊያው ዙሪያ ያለው ደረቅ ሳር ይነሳል።

ሃና ላይ ስፋቱ ሞልቷል። የሚያስቸግረው ሳሩ ነው። በበጋ እዚህ የሚታየው የነጣ ሳር ለእንግዳ የደረቀ ሜዳ ሲሆን ለቦዲ እረኛ ግን የከብቱ ቀለብ ነው። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የስንት ቤተሰብ ከብት የሚግጠውን ልትበላ ትችላለች። ከብቱ ደግሞ ሀብት ብቻ አይደለም። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ካትሱዮሺ ፉኩይ ቦዲዎች የከብቶቻቸውን ቀለምና ዝንጉርጉርነት እንዴት አጥርተው እንደሚለዩ፣ የሰው ማንነትም ከከብት ቀለም ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር በሰፊው ጽፈዋል። በድንገተኛ ፍንዳታ መንጋ ማስደንበር እዚህ እንደ ቀልድ አይታይም። ፓራሹቱም ቢሆን ነፋስ ከወሰደው የግራር እሾህ ይቀበለዋል።

ከሩቅ ባዶ የሚመስል መሬት ባለቤት እንዳለው ሃና ከሮኬት በፊትም ታውቃለች። በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው 13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኦሞ ተፋሰስ ሊካሄድ የታቀደውን ትልቅ የመስኖና የስኳር ልማት አብራርተው ነበር። ከዚያ በኋላ የኦሞ ኩራዝ አገዳ ሳላማጎ ውስጥ ተተከለ። በልማቱ ጥቅም ላይ ሰዎች ይከራከራሉ፤ መሬቱ ግን ያኔም ግጦሽ፣ ማሽላ የሚዘራበት እርሻና የከብት መንገድ ነበር።

ለጊዜው ሞተሩ ራሱ እዚህ አይደርስም። የሚቀጣጠል ዕቃ በመሆኑ የመንገደኞች አውሮፕላን በሻንጣ አያሳፍረውም። ሃና የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ኦሞ መንገዶች የተጓዘ ሁሉ መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡትን ልጆች ያውቃል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠየቃቸው ነው፤ ውሃ ወይም ወተት ይያዝበታል።

ያው ጠርሙስ ሮኬት ይሆናል። ለዚህ ግን ስሱ የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ግፊት እንዲችል የተሠራው የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ይመረጣል። ሲሶው ውሃ ይሞላል፣ አፉ የኳስ መንፊያ መርፌ በተሰካበት የጎማ ቡሽ ይዘጋል፣ አፉን ቁልቁል አድርጎ ይቆምና ከራቅ ብሎ በብስክሌት ፖምፓ ይነፋል። ቡሹ ሲፈናጠር ውሃው ወደ ታች፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ። ያለ እሳት፣ ያለ ጭስ። ጎኑ ላይ ሦስት የካርቶን ክንፍ የለጠፈ ልጅ ስለ ሮኬት ሚዛን ከውዱ ሣጥን የሚማረውን እዚህም ይማረዋል። ሲነፋ ጠርሙሱ ላይ ማጎንበስ ግን ክልክል ነው።

የሚወጣው ዋጋ ውሃው ነው። ሁለት ሊትር ለሚይዝ ጠርሙስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሄዳል፤ ያንን ውሃ አንዲት ሴት ወይም ልጅ ከሩቅ ተሸክማው መጥታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሃና ላይ ሮኬት ሊያሳይ የሚሄድ ወላጅ ወይም መምህር ውሃውን ከጂንካ ይዞ ይሂድ። ሲደርስ የአካባቢውን ሽማግሌ ከብቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠይቅ። ሲጨርስ ደግሞ ጠርሙሶቹን እጥብ አድርጎ ለልጆቹ ይተውላቸው።