የከተማ ጭስ እንዴት ይቆጠራል? ከቂርያት ማላኪ እስከ ያቭኔ



ከቂርያት ማላኪ ተነስቶ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ገዴራ፣ ከዚያም ወደ ያቭኔ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በየጣሪያው ላይ በርሜልና አጠገቡ የተጋደመ መስተዋት ያያል። ይህ ዱድ ሼሜሽ ይባላል፤ ውሃን በፀሐይ ያሞቃል። በእ.ኤ.አ. 1980 በአብዛኞቹ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲተከል ሕግ አዘዘ። በፀሐይ የሞቀ ውሃ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ስለዚህ በኃይል ማመንጫው የሚቃጠለው ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጎንደር ሳለን የማገዶው ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሰን ነበር። እዚህ ግን ጋዙ የሚወጣው ከወጥ ቤታችን ርቆ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ደግሞ በዓይን አይታይም። አየሩን የሚያሞቀው እርሱ ነው። ታዲያ ከተማ ይህን ጋዝ መቀነሱ በምን ይታወቃል?

በ2008 ጎረቤቶቻችን ሬሆቮትና አሽዶድ ያሉባቸው 15 ከተሞች፣ ጋዙን እስከ 2020 ድረስ ከ2000 መጠን 20 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። መንግሥትም በ2021፣ እስከ 2030 ድረስ ከ2015 መጠን 27 በመቶ ለመቀነስ ወስኗል። ቆጠራው የሚካሄደው በሚዛን ሳይሆን በሒሳብ ነው። በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ፣ ስንት ሊትር ነዳጅ ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ ስንት ቶን ቆሻሻ እንደተቀበረ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱም ከሚያወጣው የጋዝ መጠን ጋር ይባዛል። ለምሳሌ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ተቀብሮ የሚበሰብስ የምግብ ትራፊም ሜቴን የተባለ ሌላ ጋዝ ይፈጥራል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቂርያት ማላኪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ ገቢዎች ሠፈር ሆና የተመሠረተች ናት፤ ስሟም ለረዷት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች መታሰቢያ ነው። ዛሬም አዲስ ገቢ ትቀበላለች። ገዴራና ያቭኔም ሰፍተዋል። ሕዝብ ሲጨምር፣ እያንዳንዱ ቤት ቢቆጥብ እንኳ ጠቅላላው ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው ጥፋቱን በአዲስ ገቢው ላይ ሊያላክክ ይችላል። መኪና የሌለውና በአውቶቡስ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ያነሰ ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ ቁጥሩ በነፍስ ወከፍም መታየት አለበት።

በቤታችንም መቁጠር እንችላለን። በየሁለት ወሩ በሚመጣው የሐሽማል ሒሳብ ላይ የኪሎዋት ሰዓቱ ቁጥር ተጽፏል። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር እናስተያየው። በበጋ ፀሐይ በቂ ስለሆነች የዱዱን ማብሪያ ሳይጠፋ መተው ገንዘብንም ነዳጅንም ማባከን ነው።

ማዘጋጃ ቤቱም (ኢሪያው) «ቀንሰናል» ሲል ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከየትኛው ዓመት? በነፍስ ወከፍ ስንት? የኃይል ማመንጫው ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ ስለተቀየረ ነው ወይስ ከተማው ራሱ ስለሠራ? መጠየቅ የነዋሪ ሁሉ መብት ነው፤ ትናንት የገባም ነዋሪ ነው።