ከጉማራ ድልድይ እስከ ጓንግ ወንዝ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና ተጓዥ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር አገሩ በአንድ ጊዜ ሜዳ ይሆንበታል፤ ፎገራ ነው። ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ሩዙ ሲታጨድ ደግሞ ሽንኩርትና ጓያ። ወረታ መገንጠያው ላይ ተቀምጣ አንዱን መኪና ወደ ጎንደር፣ ሌላውን ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ትሸኛለች። ስለ ፎገራ ከብት፣ ስለ ሩዙና ስለ ወረታ ደረቅ ወደብ ብዙ ተብሏል። እኔ ማየት የፈለግሁት ከሩዙ ሥር ያለውን መሬት ነው። በዚህ አገር የሚማር የኮሌጅ ተማሪ እጁን አፈር አስነክቶ የጥንት ፍጥረት ቅሪት መቆፈርን የት ይማራል?

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች፣ በሞንታናና በዩታ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ትምህርት ሲዘጋ ድንኳን ተክለው ዳይኖሰር ይቆፍራሉ። አፈሩን በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ አጥንቱን በጀሶ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤተ ሙከራ ይወስዳሉ። ይህን የሰማ የፎገራ ልጅ «እኛስ ጋ የለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። በፎገራ ሜዳ ዳይኖሰር አይቆፈርም። ለምን እንደማይቆፈር ማወቅ ግን የመስክ ትምህርት መጀመሪያ ነው።

የሜዳው አፈር ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እያጠቡ ያመጡት ደለል ነው። ከደለሉ ሥር ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ አለ። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ያለበሰው ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ባዛልቱ ሲፈስ ዳይኖሰር ከምድር ከጠፋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የዳይኖሰሩን ዘመን ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ባዛልቱ ተቆርጦ ታቹ የሚታይበት ቦታ መሄድ አለበት። እዚያ ከመሄዱ በፊት ግን ጉማራ ዳር ይቀመጥ።

በበጋ ወንዙ ሲጎድል ዳርቻው እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ይታያል። ላይ ዋልካው፣ ከሥሩ አሸዋ፣ እንደገና ጭቃ፣ ከዚያ ጠጠር። እያንዳንዱ ንብርብር ወንዙ አንድ ወቅት የሠራው ሥራ ነው፤ ጠጠሩ ውኃው ሲበረታ፣ ጭቃው ሜዳው ላይ ሲተኛ የቀረ ነው። ተማሪ ሜትር ይዞ የንብርብሩን ውፍረት ቢለካ፣ ቀለሙን ቢመዘግብ፣ ሥዕሉን በደብተሩ ቢነድፍ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሙሉ ዕድሜውን የሚሠራውን ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ዋልካው ራሱ አንድ ብርቱ ነገር ያስተምራል። ማንኛውም የፎገራ ገበሬ እንደሚያውቀው ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ዛሬ መሬት ላይ የወደቀ የበግ አጥንት በስንጥቁ ሾልኮ ታች ሊገባ፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ሊዘጋበት ይችላል። ከዓመታት በኋላ የሚቆፍር ሰው አጥንቱን ጥልቀት ላይ ስላገኘው ብቻ «ጥንታዊ ነው» ቢል ይሳሳታል። ይህን ስህተት ክፍል ውስጥ ከመስማት ስንጥቁን ጎንበስ ብሎ ማየት ይበልጣል፤ በዚህ አጥብቄ አምናለሁ።

ክረምት ሲገባ አምባዛ ከጣና እየወጣ በጎርፍ በተሸፈነው ሜዳ ላይ ይራባል። ሌሎች የጣና ዓሦች ደግሞ ጉማራን ሽቅብ ይወጣሉ። ውኃው ሲሸሽ በየኩሬው የቀረው ዓሣ ይሞታል፤ የአምባዛ ራስ ቅል ጠንካራ አጥንት ስለሆነ ቶሎ አይጠፋም። ቅሪተ አካል እንዴት እንደሚጀምር ለማየት የፈለገ ተማሪ ኅዳር ላይ ወደ ሸሸርና ወለላ ረግረጎች ይውረድ። የትኛው አጥንት ተበተነ፣ የትኛው ተቀበረ፣ የትኛውን ጅብ ወሰደው? የጥንቱን ቁፋሮ የሚተረጉም ሰው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጣና ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በሄንሪ ላምብ የሚመሩ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ደለል አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሐይቁ በበረዶ ዘመኑ ማብቂያ ላይ፣ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ፣ ደርቆ የደንገል ረግረግ እንደነበር አሳይተዋል። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ታንኳው በሚሄድበት ውኃ ሥር አፈር ሆኖ ተኝቷል።

ከወረታ ርብን ተሻግረን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን ጎንደር እንግባ። ከጎንደር በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ጭልጋ ይደርሳሉ። ለፎገራ ተማሪ ትልቁ የቅርብ ትምህርት ቤት ይህ ነው። የጭልጋ ሸለቆ በባዛልቱ መካከል የተጠራቀመ ጭቃ ድንጋይ፣ የድንጋይ ከሰልና የእሳተ ገሞራ አመድ አለው። አመዱ ዕድሜውን ለመለካት ስለሚያስችል ቦታው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው ታውቋል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፈሰሃ የተሳተፈበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 በኔቸር መጽሔት ያወጣው ግኝት የዓለምን ባለሙያዎች ያስገረመ ነበር። ያን ጊዜ አፍሪካና ዐረቢያ ከእስያ ተለይተው ብቻቸውን ነበሩ፤ ከዚያ ዘመን በአፍሪካ የተገኘ የአጥቢ እንስሳ ቅሪትም እጅግ ጥቂት ነበር። ጭልጋ ያንን ክፍተት ሞላ።

ምን ተገኘ? አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው፣ አውራሪስ የሚመስል፣ በዘር ግን ለዝሆን የሚቀርበው አርሲኖይቴሪየም። ልዩ ልዩ የዝሆን ዘሮች፤ ከነርሱም አንዱ በጭልጋ ስም ጭልጋቴሪየም ተብሏል። በየገደሉ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየው ሽኮኮም ያኔ ትልልቅ ዘመዶች ነበሩት። በዚያው አካባቢ ጓንግ ወንዝ ዳር ደግሞ ቅጠሎች ተገኝተዋል፤ ቦኒ ጄኮብስና ባልደረቦቿ አጥንተዋቸዋል። ጫካ የነበረበት አገር ነው፣ ዘንባባም ነበረው።

ከዚያ ወዲያ ወደ መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ 74 ሺህ ዓመት ያለፈው የሰው ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት እንደሚለው ሰዎቹ በደረቅ ወራት በሚጎድሉ ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ ነበር። የፎገራ ልጅ ይህን ሲያነብ ስለ ሩቅ ሕዝብ የተጻፈ አይመስለውም።

ዳይኖሰሩስ? እርሱም በአማራ ክልል አለ። ሰሜን ሸዋ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው የጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ ባዛልቱን ውኃ ቆርጦት ከሥሩ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው ይታያል፤ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ከዚያ የተገኙ ዓሦችን፣ ኤሊዎችን፣ አዞዎችንና ዳይኖሰሮችን ለዓለም አስታወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የተለያዩ ዳይኖሰሮች ጥርሶች ዝርዝር ወጣ። ከዳይኖሰሮቹ ጋር የኖረ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስም ተገኝቷል። ፊልም ላይ የምናየው ሙሉ አጽም አይደለም። ጥርስ ነው፤ አንዳንዱ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ጭቃ ድንጋዩን ውኃ ውስጥ አሟምቶ በወንፊት የሚያጥብ፣ የቀረውን ደግሞ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው ነው። እህል ስታበጥር ያደገች ተማሪ ከማንም ቀድማ ይህን ሥራ ትለምዳለች።

ከወረታ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስም በዚሁ የድንጋይ ታሪክ ውስጥ ያልፋል። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መጀመሪያ ባዛልቱ፣ ቀጥሎ በሃ ድንጋዩ፣ ከዚያ ጀሶው፣ ታች አሸዋ ድንጋዩ በየተራ ይመጣሉ። በሃው ያ አገር ባሕር የነበረበትን ዘመን ይመሰክራል። አጥንት የሚጠቀለልበት ጀሶ ራሱ ከዚህ ገደል ይወጣል። ብዙ ተማሪ ይህን ቁልቁለት መጋረጃ ጋርዶ ተኝቶ ያልፈዋል፤ እባካችሁ አትተኙ።

ቁፋሮ ደግሞ ሜዳ ላይ አያልቅም። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ዲኪካ ላይ ቡድኑ ሰላም የተባለችውን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። አጥንቷ በአሸዋ ድንጋይ ተይዞ ስለነበር አሸዋውን በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ፍሬ በፍሬ እያነሳ ዓመታት ሠራ፤ ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ትዕግሥት በዚህ ሙያ ጌጥ አይደለም፣ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ልመናዬን ስሙኝ። ቅሪተ አካል ፍለጋና ቁፋሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ግን የወንዝ ዳር መለካት፣ የዓሣ አጥንት መመዝገብ፣ ድንጋይ መለየት ማንም አይከለክልም። ተማሪዎቹን አንድ ቀን ጉማራ፣ አንድ ሳምንት ጭልጋ አውጧቸው።

አንተም ለሽንኩርትህ የውኃ ጉድጓድ የምትቆፍር፣ ከርብ አሸዋ የምትጭን ወንድሜ፣ ድንጋይ የሆነ አጥንት ወይም ጥርስ ቢወጣልህ አትስበረው፣ ለሚገዛህም አትስጠው። ጥልቀቱን በክንድህ ለካ፤ ከምን ዓይነት አፈር እንደወጣ ልብ በል፤ ቦታውን ምልክት አድርገህ ለወረዳህ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገር።