የሐረር ቡና፦ ከጀጎል እስከ ባሕር ማዶ



የሱብሒን ሶላት ሰግደን ከድሬዳዋ ተነሣን። ሚኒባሳችን የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከታች የተውነው ሙቀት ቀርቶ ነፋሻ አየር ተቀበለን። አደሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን። የጉዟችን ዓላማ አንድ ነበር። ወጣቶቻችን በየትምህርት ቤቱ "ዓለም አቀፍ ንግድ" እያሉ የሚያጠኑትን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቡና ጆንያ ተነሥተን ለመረዳት ፈለግን።

ለመሆኑ ሐረርን ለምን መረጥን? ሐረር ከጥንት ጀምሮ የንግድ ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረው ጀጎል አምስት ታሪካዊ በሮች አሉት። ከእነዚህ በሮች የሚወጡ የግመል ቅፍለቶች ቡናና ቆዳ ጭነው ወደ ዘይላዕ ይወርዱ ነበር፤ ከዚያም ጭነቱ በመርከብ ወደ ዓደን ይሻገራል። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ሳንቲም ይቀርጹ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ በ1880 ወደዚህች ከተማ የመጣው ዓደን ለነበረ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው።

ነገር ግን ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስለከበደው ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ። እ.ኤ.አ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ብዙው ንግድም ተከትሏት ወረደ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት፣ ንግድ መንገድ የቀለለበትን ተከትሎ እንደሚሄድ ነው።

በጀጎል ውስጥ አንድ አዛውንት የቡና ነጋዴ በቤታቸው ተቀበሉን። ጫማችንን አውልቀን ነደባው ላይ ተቀመጥን። ከቡና ገለባና ከወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበልን።

"ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ሸጫለሁ፤ ቡናዬን የሚጠጣውን ሰው ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። እሱም አያውቀኝም። ታዲያ በመካከላችን ያለው ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁን። ዝም አልን። "አማና ነው" አሉን።

ነገሩን ዘርዝረን እንየው። የሐረርጌ ገበሬ የቀላውን ቡና ለቅሞ ከነልጣጩ በፀሐይ ያደርቀዋል። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ወደ መጋዘን ሲገባ ሴቶች ተቀምጠው የተሰበረውን፣ የጠቆረውንና ጠጠሩን በእጃቸው ይለቅማሉ። ከዚያ ናሙና ይወሰዳል። መርማሪዎች ቡናውን ቆልተው፣ ፈጭተውና በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈው በማንኪያ እየቀመሱ ደረጃ ይሰጡታል። በመጨረሻም 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ ተሞልቶ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይጓዛል።

የማይተዋወቁ ሻጭና ገዥስ እንዴት ይተማመናሉ? እዚህ ላይ ባንክ ይገባል። የገዥው ባንክ "ቡናው መጫኑን የሚያሳዩ ሰነዶች በውሉ መሠረት ተሟልተው ከቀረቡ ገንዘቡን እከፍላለሁ" ብሎ ለሻጩ ባንክ በጽሑፍ ቃል ይገባል። ነጋዴዎቻችን ይህን "ኤልሲ" ይሉታል። ባንኩ የሚያየው ግን ወረቀቱን እንጂ ጆንያውን አይደለም። ጆንያው ውስጥ ያለውን የሚያውቀው የሞላው ሰው ነው።

ዋጋውም ቢሆን ሐረር ላይ ብቻ አይቆረጥም። የዓረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በየዕለቱ ይወጣል። እ.ኤ.አ በሐምሌ ወር 1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡና ተክል ሲፈጅ የዓለም ዋጋ ናረ። በዚህ ገበያ የአንዱ አገር ጉዳት ለሌላው ሲሳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋጋው በወደቀ ጊዜ ደግሞ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል። ስናልፍ አወዳይ ላይ ያየነው የጫት ገበያ ግርግር አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሽማግሌው ስለ ወጣትነታቸው ዘመን አጫወቱን። አንድ አቅራቢ ክብደት እንዲጨምርለት ብሎ በደንብ ያልደረቀ ቡና ከደረቀው ጋር ቀላቀለ። ቡና ደግሞ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ብዙ ካለፈ ይሻግታል። ጭነቱ ባሕር ማዶ ሲከፈት ሸትቷል። "የተቀነሰው የእሱ ዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፀሐይ አገላብጠው ያደረቁት ገበሬዎችም አብረው ከሰሩ። እሱ ያተረፈው ጥቂት ኪሎ ውኃ ነው" አሉ።

ይህን ስንሰማ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙበት ታሪክ ትዝ አለን። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ቢናገርም፣ ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት።

የአማና ነገር በማጭበርበር ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነትም ይጎድላል። እ.ኤ.አ በ2008 ጃፓን ከአገራችን በሄደ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጃፓን ከትልልቆቹ ደንበኞቻችን አንዷ ስትሆን፣ ግዢዋ ከዚያ በኋላ ክፉኛ ቀነሰ። ጥርጣሬው የወደቀው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። ኬሚካል ተጠቅሞ የማያውቅ የገጠር ገበሬ አይቶት በማያውቀው ጆንያ ምክንያት ገበያ አጣ ማለት ነው!

በአንጻሩ መልካም ስም ሀብት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጠየቀ። ከክርክር በኋላም እ.ኤ.አ በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። የክርክሩ ምክንያት ፍሬው ብቻ አልነበረም፤ "ሐረር" የሚለው ስም ራሱ ዋጋ ስላለው ነው። ያንን ስም የገነቡት በፀሐይ ያደረቁትና በእጃቸው የለቀሙት ሰዎች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዐስር በኋላ ወደ ድሬዳዋ ተመለስን። በማግስቱ አንድ መጋዘን በር ላይ አንዲት እናት ከሰፌዳቸው ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ አንስተው ሲጥሉ አየናቸው። ማንም አልተቆጣጠራቸውም። ያቺ ፍሬ ብታልፍ ማን ያውቅባቸው ነበር? ዓለም አቀፍ ንግድ የሚባለው ትልቅ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኛም በሱቃችን ሚዛን ላይ፣ በመሥሪያ ቤታችን ወረቀት ላይ እንዲሁ እንሁን።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን። ወሰላም።