ደግ ንጉሥና ሁለት ቁልፍ

«ምርጫ ምን ይሠራል? አንድ ደግ መሪ ይበቃን ነበር!» የሚለውን ቃል ከማከብራቸው ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቃሉ የሞኝ ቃል አይደለም። በድምፅ ብልጫ ወንበር ላይ ወጥቶ አገር ያመሰ መሪ በዓለም ላይ ጥቂት አይደለምና ምኞቱን በንቀት ማለፍ አይገባም። ይልቁንም ይህን ምኞት አጥብቆ ያሰበበትን፣ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይም የሞከረውን ሕዝብ ታሪክ መጠየቅ ይሻላል። ዛሬ ውድ አንባቢያንን ወደ ቻይና፣ ወደ ኮንፊሽየስ ደጅ ይዤ የምሄደው ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ መምህር ነው። ለእርሱ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የምግባር ጉዳይ ነበር፤ ገዢው ቀና ከሆነ ሕዝቡ ያለ ዱላ ይቀናል ብሎ ያምን ነበር። አንድ ደቀ መዝሙሩ ለመንግሥት የሚያስፈልገውን በጠየቀው ጊዜ ስንቅን፣ ጦርንና የሕዝብን አመኔታ ቆጠረለት። አንዳንዱን መተው ግድ ቢሆን መጀመሪያ ጦሩን፣ ቀጥሎም ስንቁን ተወ፤ አመኔታን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህ ትምህርት አይከብደኝም። ባንክም ቢሆን በካዝናው ውስጥ ካለው ብር ይልቅ በገንዘብ አስቀማጩ ልብ ውስጥ ባለው እምነት የሚቆም ቤት ነው።

አሳቡ በቃል ብቻ አልቀረም። ከስዊ ሥርወ መንግሥት (581–618) ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ፣ ለ1,300 ዓመታት ያህል፣ በቻይና ወደ መንግሥት ሹመት ከሚያስገቡት በሮች ዋነኛው የጽሑፍ ፈተና እየሆነ ሄደ። በታንግ ዘመን (618–907) ከሁሉ የከበረው ፈተና ግጥም መግጠምንም ይጨምር ነበር። በትርፍ ጊዜው ስንኝ ለሚቋጥር የባንክ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና መንግሥት የት ይገኛል!

በዘመናችንም ይህን ቅርስ ያነሡ አሳቢዎች አሉ። ዳንኤል ቤል በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከታች በመንደር ደረጃ ምርጫ፣ በመካከል ሙከራ፣ ከላይ ደግሞ በችሎታና በምግባር ተመዝነው የወጡ ሹማምንት ያሉበትን ሥርዓት አቅርቦ ተከራክሯል። መነሻው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምርጫ ማን እንደተወደደ ይነግረናል፤ ማን እንደሚችል ግን ሁልጊዜ አይነግረንም።

ነገር ግን ከፈተናው በላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ነበረ። ሌላውን ሁሉ የሚፈትነው ንጉሥ ራሱ ለወንበሩ አልተፈተነም፤ ተወልዶበት ወይም በሰይፍ ይዞት እንጂ። እርሱ ሲሳሳት ማን ያርመዋል?

እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለናል። የኮንፊሽየስን ትምህርት ያስፋፋው ሜንሲየስ ግን ከሕዝቡ፣ ከአገሪቱ ጣዖታትና ከንጉሡ መካከል የመጨረሻውን ቦታ የሰጠው ለንጉሡ ነው። ግፈኛ ንጉሥ የሰማይን አደራ እንደሚያጣ አስተማረ፤ ሹማምንትም የሚሳሳተውን ጌታቸውን እንዲገሥጹ ግዴታ ጣለባቸው። እዚህ ላይ ነው የሃይ ሩይ ታሪክ የሚመጣው።

ሃይ ሩይ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ ሹም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጂያጂንግ ያለመሞትን መድኃኒት ፍለጋ ጠምዶት፣ የችሎት ሥራውን ለብዙ ዓመታት ትቶ ነበር። በ1560ዎቹ አጋማሽ ሃይ ሩይ ይህን ሁሉ ዘርዝሮ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤውን ከማቅረቡ በፊት ግን የሬሳ ሣጥን ገዛ፤ ቤተሰቡንም ተሰናበተ ይባላል። ታሰረ፣ ሞትም ተፈረደበት። ነፍሱ የተረፈችው ፍርዱ ሳይፈጸም ንጉሠ ነገሥቱ በ1567 መጀመሪያ ስለሞተ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዉ ሃን የተባለው የታሪክ ምሁርና የቤጂንግ ምክትል ከንቲባ ስለዚሁ ሰው የጻፈው ተውኔት በ1961 መድረክ ላይ ዋለ። በኅዳር 1965 ተውኔቱ ሊቀ መንበር ማኦን በአሽሙር ይነካል ተብሎ በጋዜጣ ተወገዘ፤ ውግዘቱም ለባህል አብዮቱ መክፈቻ ሆነ። ዉ ሃን በ1969 በእስር ቤት ሞተ። አራት መቶ ዓመት አለፈ፤ ንጉሡ ሄዶ ሊቀ መንበር መጣ፤ እውነት የሚናገረው ሰው ግን ያው ሣጥኑን ሊያዘጋጅ ግድ ሆነበት።

የትምህርቱ ጉድለት እንግዲህ ከዚህ ላይ ይታየኛል። ገሣጩን የመገሠጽ ግዴታ ሰጠው፤ ከለላ ግን አልሰጠውም።

ይህን ያዩት ምዕራባውያን ብቻ አይደሉም። ሁዋንግ ዞንግሺ የተባለው የኮንፊሽየስ ተከታይ በ1660ዎቹ በጻፈው መጽሐፍ፣ ነገሥታት አገሩን የግል ርስታቸው አድርገውታል ብሎ ከሰሰ፤ ከደግ ሰው በፊት ደግ ሕግ መቅደም እንዳለበትም ተከራከረ። ንጉሠ ነገሥቱ በየጊዜው ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ወቀሳ እንዲሰማም ወደደ። በ1994 ደግሞ የሲንጋፖሩ ሊ ኩዋን ዪው የምዕራቡ ሥርዓት ለምሥራቅ እስያ እንዳለ ሊጫን አይገባም ባሉ ጊዜ፣ ኮሪያዊው ኪም ዴ ጁንግ በዚያው ዓመት መለሱላቸው፤ ምስክራቸውም ሜንሲየስ ነበር። ኪም በ1980 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሞት የተፈረደባቸው፣ በ1998 የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። አንዱን ቅርስ ሁለቱ ለየቅል አነበቡት፤ የሬሳ ሣጥኑን ከቅርብ ያየው ሰው ንባብ ግን ለእኔ ይመዝንብኛል።

የእኔ ሙያም ይህንኑ ያስተምረኛል። የባንክ ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ አንዱን ቁልፍ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይይዛል። ከሁሉ የታመነው ገንዘብ ያዥ እንኳ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ በእጁ ያለውን ብር ቆጥሮ ያሳያል። ይህን ስናደርግ ሰውየውን ሌባ አላልነውም፤ ታማኝነቱን ከሐሜትና ከፈተና ጠበቅንለት እንጂ።

ሁለተኛው ቁልፍ የግድ በለንደን ወይም በዋሽንግተን አምሳል ይቀረጽ አልልም። ምርጫም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በድምፅ ብልጫ የመጣ መሪ ዳኛውንና ጋዜጠኛውን ከጠቀለለ ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ኪስ ከቷል ማለት ነው። ከምዕራቡ ሥርዓት የተሻለ አለ የሚለኝን ሰው ግን ስለ መሪዎቹ ዕውቀትና ደግነት ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ በዚያ ሥርዓት «ተሳስተሃል» ለማለት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሣጥን መግዛት ያስፈልገዋልን?

ደግ ንጉሥ ቢመጣ እልል እላለሁ፤
ሁለቱን ቁልፍ ግን ስለምን እሰጣለሁ?