የዴትሮይት ከተማ ውድቀትና መነሣት

በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ ከካናዳ ጋር በሚያዋስናት ወንዝ ዳር ዴትሮይት የምትባል ከተማ አለች። ፈረንሣዮች በ1701 ዓ.ም. ሲቈረቍሯት ስሟን ከወንዙ መጥበብ የተነሣ አወጡላት፤ ትርጓሜውም በቋንቋቸው ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ማለት ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን። በ1805 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከተማይቱን ከጥቂት ቤት በቀር ፈጽሞ አቃጠላት። በዚያ ጊዜ አባ ገብርኤል ሪሻር የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በላቲን ቋንቋ የጻፉት ቃል እስከ ዛሬ በከተማይቱ ማኅተም ላይ ይነበባል፤ የተሻለውን ተስፋ እናደርጋለን፥ ከዐመድም ትነሣለች ማለት ነው። በማኅተሙም ላይ ሁለት ሴቶች ተሥለዋል፤ አንዲቱ በሚነደው ከተማ ፊት ስታለቅስ ሁለተኛይቱ እያጽናናች አዲሲቱን ከተማ ታሳያታለች።

ሄንሪ ፎርድ በ1913 ዓ.ም. አውቶሞቢል እየተጓዘ የሚገጣጠምበትን አዲስ የአሠራር ስልት ካቆመ በኋላ፥ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ለሠራተኛ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ባለ ጊዜ፥ ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶችና ከአውሮፓ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ጐረፈ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የነዋሪው ቍጥር 1,849,568 ደርሶ ነበር። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ሰፊ መሬት ፍለጋ ወደ ዳርና ወደ ሌላ ግዛት ሄዱ፤ ትልልቅ የመኪና መንገዶች በድኾች ሰፈር ላይ ተቀደዱ፤ የነጮቹ ቤተሰቦች ወደ ውጭ ሲወጡ ጥቍሮቹ ግን በደንብና በልማድ ተከልክለው ባረጀው ሰፈር ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 43 ሰዎች ሞቱ። በ2020 ዓ.ም. ቈጠራ የተገኘው ሕዝብ 639,111 ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ጐድሏል ማለት ነው። ሕዝቡ ሲጐድል ግብሩ ጐደለ፤ ግብሩ ሲጐድል የመንገድ መብራት እንኳ ጠፋ።

ከዚህም የተነሣ ከተማይቱ በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መክሠሯን ለፍርድ ቤት አስታወቀች። ዕዳዋም 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ በአሜሪካ ታሪክ ከተማ በዚህ መጠን ከሥራ አታውቅም። እኛም በጸሐፊነት ሥራችን ውልና ዕዳ ሲጻፍ ውለን ስለምናድር ይህን ጕዳይ ከሁሉ አብልጠን ተመለከትነው። አበዳሪዎቹ በከተማይቱ የሥዕል ቤተ መዘክር ያለው ውድ ሥዕል ተሽጦ ይከፈለን አሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ዕድሜያቸውን በከተማይቱ ሥራ የፈጸሙ ጽዳት ሠራተኞች፥ ጸሐፊዎች፥ እሳት አጥፊዎችና ፖሊሶች፥ ከነርሱም ጋር ባል የሞተባቸው ሴቶች፥ ጡረታችን ይነካብናል ብለው ተጨነቁ። ዳኛው ስቲቨን ሮድስ በሕጉ መሠረት ጡረታው ሊቀነስ ይችላል ብለው ነበርና ጭንቀታቸው ከንቱ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ዳኛ ጄራልድ ሮዘን ሸምጋይ ሆነው ሁለቱን ችግር በአንድ ዕርቅ አሰሩት። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፥ የሚሺጋን ግዛት መንግሥትና የቤተ መዘክሩ ወዳጆች በ20 ዓመት ውስጥ የሚከፈል ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያዋጡ ተስማሙ፤ ገንዘቡ ለጡረታው እንዲሆን፥ ሥዕሉም ሳይሸጥ ራሱን በቻለ ማኅበር እጅ እንዲጠበቅ ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ቢሆንም ጌጡ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የመደበኛ ሠራተኞቹ ጡረታ ከመቶ 4.5 ተቀነሰ፤ ለኑሮ ውድነት በየዓመቱ ይጨመር የነበረው ቀረ፤ የሕክምናውም ድጋፍ እጅግ አነሰ። ጡረተኞቹ ይህን ዐውቀው በድምፃቸው ተቀበሉት። ከተማይቱም በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ከክሥረቱ ወጣች።

ዛሬ ወደ መካከል ከተማው የሚሄድ መንገደኛ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በዉድዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ቢራመድ ካምፐስ ማርሽየስ ከሚባለው አደባባይ ይደርሳል። አደባባዩ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በብርድ ወራት ሕፃናት ከእናት ከአባታቸው ጋር በበረዶ ላይ ይንሸራተቱበታል፤ በሙቀት ወራት አሸዋ ይነጠፍና የባሕር ዳር ይመስላል። በ2010 ዓ.ም. ዳን ጊልበርት የተባሉ ባለጸጋ የኩባንያቸውን ሠራተኞች ከውጭ ወደዚሁ ሰፈር አምጥተው ባዶ የነበሩትን ብዙ ሕንፃዎች ገዝተው አደሱ። በ1998 ዓ.ም. በፈረሰው በታላቁ የሃድሰን መደብር ስፍራም አዲስ ፎቅ ቆሟል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚገኘው ሚሺጋን ሴንትራል የተባለው የባቡር ጣቢያ በ1913 ዓ.ም. ተሠርቶ፥ በ1988 ዓ.ም. የመጨረሻው ባቡር ከሄደ በኋላ ለሌባና ለዝናብ ተትቶ ነበር። የፎርድ ኩባንያ በ2018 ዓ.ም. ገዝቶት በ2024 ዓ.ም. ታድሶ ተከፈተ። ኩባንያው በገዛው ዓመት ከ20 ዓመት በፊት የተሰረቀውን የጣቢያውን ትልቅ ሰዓት አንድ ስሙን ያልገለጠ ሰው መልሶ ሰጠ። ከተማይቱ እንደገና ባለቤት ማግኘቷን ሰርቆ የነበረው ሰው እንኳ አምኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዴትሮይት ሰዎች የመንገዳቸውን ርቀት በማይል የሚቈጥሩት ከዚሁ ከአደባባዩ ነው፤ ስምንት ማይል የሚባለውም ጎዳና የከተማይቱ የሰሜን ወሰን ነው። በአደባባዩና በዚያ ወሰን መካከል ባዶ የቀረ ሰፈር ገና አለ። ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ከቤታቸው እውነተኛ ዋጋ በላይ የተገመተውን ግብር መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ያጡት የመካከሉ ሰፈር በሚታደስበት በዚያው ዘመን ነው። መልካም ነገርም ተደርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ 65,000 አዲስ የመንገድ መብራት ተተክሎ ተፈጸመ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝቡ ቍጥር ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት መጨመሩን የመንግሥት ግምት አስታወቀ።

እኛ እንደሚመስለን ከተማይቱን ያነሣት የባለጸጎች ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ተስፋ የተሰጣቸው ሽማግሎች የተስፋውን ከፊል ትተው ለልጅ ልጆቻቸው ከተማ ማስቀረታቸውም ነው። እነርሱ የከፈሉት ግን ለአንድ አደባባይ ብቻ አይደለምና፥ ከተማ የሚያስተዳድር ሁሉ በአደባባይ የሚያበራው መብራት በዳር መንደርም ያበራ ዘንድ ሊተጋ ይገባዋል።